«ጋሼ ካፒቴን»ን በሙት ዓመታቸው ለማስታወስ በመረዳጃ ማኅበራችን ስም የተነበበ ንግግር

(ንግግሩ በተነበበበት ዕለት በዝናቡ ምክንያት ከድንኳኑ ጫፍ ለተቀመጡት በሚገባ ስላልተሰማ፣ አያሌ አባሎችም «ተጽፎ ይለጠፍልን» ብለው ስለ ጠየቁን፣ እንዳለ በሰሌዳው ላይ አውጥተነዋል። — ኮሚቴው)






በቅድሚያ አንድ ነገር እናስተካክል። ሟቹ ካፒቴን አልነበሩም። ይህን ስም ያወጡላቸው በ1985 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ኳስ ይጫወቱ የነበሩ የሰፈር ልጆች ናቸው። እነዚያ ልጆች ዛሬ የራሳቸው ልጆች አሏቸው፤ አንዳንዶቹም እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ይሰሙናል። እሳቸው ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር «ኧረ ተዉ! ካፒቴን ላይ ነው የሚቆመው፤ እኔ ታች ነኝ» ይሉ ነበር። ታች ማለታቸው ከመርከቡ ወለል በታች፣ ከውኃው ልክ በታች፣ ሞተሩ ዘንድ ማለታቸው ነው። ማዕረጋቸው ቺፍ ፔቲ ኦፊሰር፣ ሙያቸውም የመርከብ ሞተር መካኒክ ነበር። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንጠራበት የኖርነውን ስም ዛሬ ብንለውጠው ስለ ማን እንደምንናገር የሚያውቅ አይኖርምና፣ እኛም ጋሼ ካፒቴን እያልን እንቀጥላለን።

የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በልጅነታቸው የሚያውቁት ትልቁ ውኃ በክረምት የሚሞላው የመንደራቸው ወንዝ ነበር። ጣናን እንኳ ያዩት ከባሕር ኃይል ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ለሠርግ ባሕር ዳር ተጠርተው በሄዱ ጊዜ ነው። በ1957 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ ለባሕር ኃይል ሰው እንደሚመለመል ሰሙና ተመዘገቡ። አንድ ጊዜ ከኮሚቴያችን አባሎች አንዱ «ለመሆኑ ባሕር ኃይል ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልብሱ ነጭ መሆኑን አውቅ ነበር» ብለው መለሱለት።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የወረዱት በባቡር ነው። መንገዱ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ የሚያበቃው ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ይህን ጉዞ ሲያወጉን «ነፋሲት ላይ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ጊንዳዕ ላይ ኮቴን፤ ዶጋሊ ላይ ሸሚዜን፤ ምጽዋ ስደርስ የሚወልቅ ቆዳዬ ብቻ ቀረ» ይሉ ነበር። ይህን ቀልድ ያልሰማ የሰፈር ሰው ያለ አይመስለንም። ሁለት ሦስት ጊዜ ያልሰማም እንዲሁ።

ወጣቶቻችን ስለዚያ ባሕር ኃይል በወሬ እንጂ በዝርዝር ስለማያውቁ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋናው ሠፈር ምጽዋ ላይ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ ላይ ሆነ። በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ «ኦርካ» ትባል የነበረችውን መርከብ በውሰት ሰጠች፤ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገልግሎት የጀመረችና ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ስትረዳ የቆየች ነበረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ የኳስ ሜዳ ጥቂት ብታንስ ነው። ከ200 የሚበልጥ ሰው ትይዛለች። ሁለት ፕሮፔለር የሚያዞሩት የናፍጣ ሞተሮቿ በድምሩ ከ6,000 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ ባላት ኃይል ስትሮጥም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። «ይቺን ታክል!» ብሎ የሚንቅ ካለ፣ 95 ሜትር ብረት ነው የሚሮጠው፤ ያውም በውኃ ላይ።

በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፤ የየአገሩ የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጣሉ። ጋሼ ካፒቴን ከዚህ ሁሉ ክብር የሚያስታውሱት ግን ቀለሙን ነው። «እንግዳ ወደ እኛ ዘንድ ወርዶ አያውቅም። ቢሆንም ሞተሩን ቀለም ቀቡ፣ ናሱን ወልውሉ እንባላለን። አንድ ሳምንት ሙሉ!» ይሉ ነበር። በሰፈራችን የማኅበሩ ድስቶችና ወንበሮች ዝገት ሳይነካቸው ይህን ያህል ዓመት የቆዩት በዚያ ልማድ ምክንያት መሆኑን የንብረት ክፍላችን ይመሰክራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ወንበሮቹን አውጥተው እየፋቁ ቀለም ይቀቡ ነበር።

ስለ ታችኛው ቤት፣ ማለት ስለ ሞተሩ ክፍል፣ ብዙ አውግተውናል። ሙቀቱ ከምጽዋ ሙቀት ላይ የተደረበ ነው። ጩኸቱ ሰው ከሰው አያነጋግርም፤ የሚግባቡት በእጅና በከንፈር ነው። ሥራው በተራ ነው፤ አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ። የእሳቸው ተራ ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ስለ ነበር፣ ሰውነታቸው ይህን ሰዓት እስከ መጨረሻው አልረሳውም። በሰፈራችን በዚያ ሰዓት ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ያየ ሁሉ ጋሼ ካፒቴን መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ዘበኞቻችን «በእሳቸው ተራ ሌባ አይመጣም» ይሉ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ጩኸቱ ግን ጆሯቸውን ወስዶታል። ከእሳቸው ጋር ምሥጢር ማውራት አይቻልም ነበር፤ አንተ ትጮሃለህ፣ እሳቸው ይጮሃሉ፣ ከቧንቧው አጠገብ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። የሚያስደንቀው፣ ሰው የማይሰማው ጆሯቸው ሞተር ይሰማ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ድምፁን ሲለውጥ ይጠሩና ረጅም ካቻቢቴ ይዘው ይመጣሉ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ድምፁ በአጥንቱ በኩል ይገባል ማለት ነው። ከዚያም «ኩሽኔታው እያለቀ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይነክሳል» ይሉና ይሄዳሉ። ባለወፍጮው አንድ ጊዜ አላመኑም ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወፍጮው ቆመና ሰፈሩ ሁሉ ዱቄት ፍለጋ ማዶ ሰፈር ተሻገረ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጋሼ ካፒቴንን ሕይወት ለማወቅ ሦስት ሰዎችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው በመርከቡ ላይ በመብራትና በባንዲራ ምልክት የሚሰጥ ባሕረኛ ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ እስላም፣ እጅግ ሣቂ። ምልክተኛው እያልን እንጠራዋለን። ሦስተኛው የምጽዋ ተወላጅ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ የነበረ። የደጋ ልጆች የነበሩትን ሁለቱን ዋና ያስተማራቸው ይህ የምጽዋው ልጅ ነው። ወገባቸውን በገመድ አስሮ ከድልድዩ ሥር ውኃ ውስጥ ይለቃቸዋል፤ ሲሰምጡ ይስባቸዋል፤ ደግሞ ይለቃቸዋል። «እንደ አህያ ነው የተነዳነው» ይሉ ነበር ጋሼ ካፒቴን። ሦስቱ በአንድ ዘመን ገብተው፣ በአንድ መርከብ ሠርተው፣ የአንዱ ደመወዝ ሲዘገይ የሌላውን ተካፍለው ኖረዋል። ጋሼ ካፒቴን በ1966 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ ሲያገቡም ሚዜዎቻቸው እነዚሁ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። መንግሥት ተለወጠ፤ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ ከአሜሪካ ጋር የነበረው የጦር መሣሪያ ግንኙነት ሲቋረጥ የመለዋወጫ ዕቃ ችግር መጣ፤ የሶቪየት መርከቦችም በኋላ ገቡ። ስለ ፖለቲካው ጋሼ ካፒቴን ብዙ አይናገሩም ነበርና እኛም አንናገርላቸውም። የሚናገሩት ስለ ቶርኖ ነው። የጎደለውን የሞተር ዕቃ ሁሉ ራሳቸው በቶርኖ እየቀረጹ ያችን አሮጌ መርከብ እንዴት እንዳቆዩዋት ሲያወሩ ፊታቸው ያበራ ነበር።

የምልክተኛው ሚስት በወሊድ ምክንያት ስትሞት አንድ ሕፃን ልጅ ቀረ። አባቱ ባሕር ላይ ነው፤ ዘመዶቹ ወሎ ናቸው። ስለዚህ ልጁ አሥመራ፣ የጋሼ ካፒቴን ባለቤት ዘንድ ተቀመጠ። ሦስት የራሳቸው ልጆች ነበሯቸው፤ አራት ሆኑ። ምልክተኛው ወደ ሥራው ሲመለስ የተናገረው ቃል «እስክመለስ አደራ» ብቻ መሆኑን ባለቤታቸው ነግረውናል። ዛሬ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፤ ያርሙን እንደ ሆነ እንሰማለን።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ተያዘች። ጋሼ ካፒቴን ያን ጊዜ አሰብ ነበሩ። ምልክተኛው ምጽዋ ሠፈሩ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም። የምጽዋው ጓደኛቸውም ወሬው ጠፋ። አሥመራ በየብስ ስለ ተከበበች መውጫው በአውሮፕላን ብቻ ሆነ። ባለቤታቸው አራቱን ልጆች ይዘው፣ አንድ የብረት ሣጥንና አንድ ፍራሽ ተሸክመው፣ አዲስ አበባ ገቡ፤ በሰፈራችንም ከአባሎቻችን ከአንዱ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቹን አስተማሩ። ማኅበራችንም የተመዘገቡት በራሳቸው ስም ነው።

ከዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። «ኢትዮጵያ»ም አንዷ ነበረች፤ ጋሼ ካፒቴን ከታች ሞተሩ ዘንድ ነበሩ። መሬት እንደ ለቀቁ እንጂ ወዴት እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ ከእሳቸው ደብዳቤም መልእክትም አልመጣም። በሰፈሩ «መርከቦቹ ሰምጠዋል» የሚል ወሬ ነበር። መልካም ያሰቡ ጎረቤቶች ባለቤታቸውን «አልቅሰሽ ውጪ፤ ለልጆቹም ይሻላል» አሏቸው። ከል ያመጡላቸውም ነበሩ። እሳቸው ግን «መርዶ ነጋሪ መጥቷል ወይ? ሲሞት ያየ ሰው መጥቶ ይንገረኝ፤ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ» ብለው ከሉን መለሱ። በየሳምንቱ ዓርብ አውቶቡስ ተራ እየሄዱ ከአሰብ በኩል የመጣ ሰው ይጠይቁ ነበር።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ጋሼ ካፒቴን በየመን ከነበሩበት የስደተኛ መጠለያ ተመልሰው፣ አንድ የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ቤቱን ሰው እየጠየቁ መጡ። ያን ዕለት በሩ ላይ የነበሩ ሁለት አባሎቻችን ዛሬም በሕይወት አሉ። ሁለቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ከሰላምታው በፊት የጠየቁት «አራቱም አሉ?» ብለው ነው።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉበትን ማስረጃ ይዘው አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ተመላልሰዋል፤ ፋይሉ ምጽዋ ቀርቷል፣ አልተገኘም ተባሉ። እሳቸውም ተዉት። ወረቀቱን አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ በማግስቱ ጀኔሬተር ለመጠገን ወጡ። ይህን ያህል ብቻ ብለን እንለፈው፤ እሳቸውም ከዚህ በላይ አይሉትም ነበርና።

በ1986 ዓ.ም. የማኅበራችን መዝገብ ሲታደስ አንድ ጥያቄ ተነሣ። አራተኛው ልጅ የተመዘገበው በሌላ አባት ስም ነው። በደንባችን መሠረት በልጅነት የሚቆጠረው ከአባሉ የተወለደ ነውና «ይህ ልጅ እንዴት ይገባል? የአባት ስሙ ይለወጥና ችግሩ ይቃለል» የሚል አሳብ ቀረበ። አሳቡ የክፋት አልነበረም፤ ለልጁ ትምህርት ቤትም ይቀል ነበር። ጋሼ ካፒቴን ተነሥተው (እንደ ልማዳቸው እየጮሁ) እንዲህ አሉ፦ «ስሙን ከለወጥሁበት አባቱን ሁለተኛ አሰጠምሁት ማለት ነው። ልጁ የአደራ ነው። አደራ ደግሞ ከነስሙ ነው የሚመለስ።» በጉባኤው ብዙ ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ በመዝገቡ «የአደራ ልጅ» የሚል አዲስ ዐምድ ተከፈተ፤ በደንቡም «የአደራ ልጅ እንደ ልጅ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ተጨመረ። ይህ አንቀጽ እስከ ዛሬ ይሠራል። ከዚያ በኋላ እነማን እንደ ተጠቀሙበት በየቤታችሁ ታውቃላችሁ፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።

ስም ብቻ አልነበረም። ልጁ የእስላም ልጅ ነው፤ ቤቱ የክርስቲያን ቤት ነው። ጋሼ ካፒቴን ልጁን እጁን ይዘው ከመስጊዱ አጠገብ ወደሚኖሩት ወደ ሰፈራችን ሐጂ ወሰዱትና «አባቱ ቢኖር የሚያስተምረውን ያስተምሩልኝ» አሏቸው። ሐጂ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስምንት ዓመት ያለ ክፍያ ቁርአን አስቀሩት። በ1985 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ባለቤታቸው በሌሊት ተነሥተው ለልጁ ሱሑር ያዘጋጃሉ፤ እሳቸው ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ማታ ደግሞ ለልጁ ማፍጠሪያ ሾርባና ቴምር ይቀርባል። «በዚያ ዓመት ምድጃዬ ጠፍቶ አያውቅም» ይላሉ። (በነገራችን ላይ፣ ጋሼ ካፒቴን በጾም ዓሣ ይበሉ ስለ ነበር ከሰፈሩ ካህን ጋር የማያልቅ ክርክር ነበራቸው። ማን እንደ ረታ አልተወሰነም።)

አሁን ስለ መርከብ ጓደኞቻቸው። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ከእሳቸው ቤት የሚሰበሰቡት ሽማግሎች እነማን እንደ ሆኑ ልጆቻችን ይጠይቁን ነበር። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሐረርጌ፣ ከጉራጌ፣ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ ሲሰበሰቡ የሚናገሩት አማርኛ ግን ትግርኛ፣ ዐረብኛ፣ ጣልያንኛና የእንግሊዝኛ ትእዛዝ የተቀላቀለበት ነበር። አንዱ ጽዋ ሲያቀብል «ወደ ስታርቦርድ!» ይላል፤ በቀኝ በኩል አሳልፍ ማለቱ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው። ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ዘመድ የሌለው ጓደኛቸው ሲሞት ይቀብራሉ። ጋሼ ካፒቴን ለእነዚህ ቀብሮች ከማኅበራችን ገንዘብ ጠይቀው አያውቁም፤ ደንቡ እንደማይፈቅድ ያውቁ ነበርና። የሚጠይቁት ድንኳኑንና ድስቱን በውሰት ነው፤ ሲመልሱም ከወሰዱት በላይ ታጥቦ ይመጣል።

የመርከቦቹን መጨረሻ ያወቁት ከእነዚሁ ጓደኞች ነው። «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከየመን ወደ ጅቡቲ ሄደው የነበሩት መርከቦችም እ.ኤ.አ. በ1996 በወደብ ዕዳ ምክንያት በጨረታ ተሸጡ፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። ወሬውን ሲሰሙ ጋሼ ካፒቴን ያሉት «ቁጥር ሁለት ሞተር ገና ብዙ ዓመት ይሠራ ነበር» ነው። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚያቋቁም ሲነገር ደግሞ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡና «መካኒክ ከየት ሊያመጡ ነው?» አሉ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ከኤርትራ ጋር የስልክ መስመር ተከፈተ። ሃያ ዓመት ተዘግቶ የነበረ መስመር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለናል፣ ማታ ላይ፣ የጋሼ ካፒቴን ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው። የሞተ ያለ መስሎን ሮጠን ብንሄድ በስልክ እየተነጋገሩ ነው። የምጽዋው ጓደኛቸው ነበር! ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ሰላምታ አልነበረም። ከወዲያ «ቁጥር ሁለት ተነሣ ወይ?» የሚል ድምፅ መጣ፤ እሳቸውም «እምቢ ብሏል፤ አየር ስጠው!» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ስለ ምልክተኛው ሲጠይቁት ግን የምጽዋው ሰው «እኔ ራሴ እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሰውየው በአውሮፕላን መጣ። የቀድሞ ጓደኛሞች ኋላ በሁለት ወገን የቆሙ አገሮች ሰዎች ሆነው ነበር፤ በቦሌ ሲገናኙ ግን ስለዚህ የተነሣ ነገር የለም። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሐጂ አርፈው ስለ ነበር የሐጂ ልጅ፣ የሰፈሩ ካህን፣ ከኮሚቴያችንም ሦስት ሰዎች ሆነን፣ የምጽዋውን ሰው አስቀድመን የአደራውን ልጅ ቤት አንኳኳን። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት ዓመት ነበር፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆኖ፣ አግብቶ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። የምጽዋው ሰው ምልክተኛው በየካቲት 1982 ዓ.ም. እንደ ሞተ፣ ከሌሎች ጋር በባሕሩ ዳር እንደ ተቀበረ፣ የቀበሩትም ዓሣ አጥማጆች መሆናቸውን፣ ከመካከላቸውም አንዱ የራሱ አጎት እንደ ነበር ነገረው። ቦታውን በዓይኑ አይቷል። ከኪሱም በጨርቅ የተቋጠረ አሸዋ አውጥቶ ሰጠው።

ልጁ አለቀሰ። ጋሼ ካፒቴን ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይተነው የማናውቀውን ልቅሶ አለቀሱ። ሦስት ቀን ድንኳን ተተከለ። በሰፈራችን አንድ ቀን እንኳ ላልኖረ ሰው ማኅበራችን ልቅሶ የተቀመጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በመዝገባችንም «የአደራ ልጅ አባት» ተብሎ ተጽፏል፤ በደንቡ መሠረት የሚገባው ገንዘብም ለልጁ ተከፍሏል። አንድም አባል አልተቃወመም። በአንድ ጎን ዱዓ፣ በአንድ ጎን ፍትሐት እንደ ነበር የምታስታውሱት ነው። ባለቤታቸውም በ1984 ዓ.ም. መልሰውት የነበረውን ከል ያን ጊዜ ጠይቀው ለበሱ።

ጋሼ ካፒቴን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ዓመት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ አራቱም ልጆች በተራ አስታመሟቸው። ተራውን የደለደሉት ራሳቸው ናቸው፦ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት። ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ያለውን የሰጡት ለአደራው ልጅ ነው። «እሱ የለመደ ዘር ነው፤ አባቱም አይተኛም ነበር» አሉ። በቀብሩ ዕለት ሣጥኑን ያወረዱት አምስቱ የመርከብ ጓደኞቻቸውና አራቱ ልጆች ናቸው። ገመዱን የቋጠረው የአደራው ልጅ ነው፤ ያንኑ የባሕረኛ ቋጠሮ።

ስለዚህ ቋጠሮ አንድ ቃል። ድንኳናችን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በነፋስ ያልተነሣው በእሳቸው ቋጠሮ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ታደርጋላችሁ፤ ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ ታወጣላችሁ፤ በረጅሙ ገመድ ኋላ ታዞሩና በዚያው ቀለበት ወደ ታች ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ ታጠብቃላችሁ። ቢጎተት አይጠብም፣ አይላላም፤ ልትፈቱት ስትፈልጉ ግን በጣት ይፈታል። በዝናብ የራሰ ገመድ ላይ እንኳ ይፈታል። ድንኳን ተካዮቻችን እስከ ዛሬ በካስማው ላይ ዝም ብለው እየጠመጠሙ፣ ሲነቀል በቢላዋ እየቆረጡ፣ ስንት ሜትር ገመድ እንዳባከኑ የንብረት ክፍሉ ያውቃል። ስለዚህ የአደራው ልጅ ፈቃደኛ ስለ ሆነልን፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በማኅበሩ መጋዘን በር ለወጣቶች ያስተምራል። የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ኑ።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለን። በጋሼ ካፒቴን የብረት ሣጥን ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ተገኝቷል። አሥራ አንድ ባሕረኞች በ«ኢትዮጵያ» ወለል ላይ ቆመው የተነሡት ነው። አምስቱ ጓደኞቻቸው ሰባቱን በስም ለይተዋል፤ አራቱ ግን አልታወቁም። በስተግራ ጫፍ ላይ ባርኔጣውን አጋድሞ የሚሥቀው ምልክተኛው ነው። ፎቶግራፉ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል። ከአራቱ አንዱን የሚያውቅ፣ ወይም ባሕር ኃይል የነበረ ዘመድ ኖሮት ከአሰብና ከምጽዋ ወሬው የቀረበት ሰው ቢኖር፣ ማታ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስታውቅ። የመርከብ ጓደኞቹ ስማቸውን መዝግበው ከምጽዋው ሰው ጋር የሚያጣሩ መሆናቸውን ቃል ገብተውልናል።